ማይ ዳዕሮ የሌለበት ካርታ

በልጅነቴ፣ ታላቅ ወንድሜን ነቢልን ከጦር ሜዳ ወደ ቤት የምመልሰው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። እንዴት እንደምመልሰው ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ ብነግራት ትስቅብኛለች፣ ለአባቴ ብነግረው ደግሞ ካርታዎቹን እንዳልነካ ይከለክለኛል ብዬ ፈራሁ።

አባቴ ጁነይዲ ንፋስ መውጫ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሱቃችን ከመነኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ሲያንኳኳ በሚውልበት ረድፍ ላይ ነበረች። ከፊት አቡጀዲው፣ ቴትሮኑና የሴት ሻሹ ተደርድሯል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ጠባብ ክፍል አለች። እዚያች ክፍል ውስጥ የጨርቅ መቁረጫ ሰፊ ጠረጴዛ፣ በርጩማዎችና የአባቴ ካርታዎች ነበሩ። የብል መድኃኒትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አይለያትም።

ነገሩ የተጀመረው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። አባቴ ጨርቅ ሊያመጣ መርካቶ በሄደ ጊዜ፣ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ እጥፋቱ የተበላ ወረቀት አየ። ገልጦ ቢመለከት በፈረንጅ ፊደል የገዛ አገሩ ስም ተጽፎበታል። ጋይንት። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የሠሩት የጦር ካርታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ሊያመጣ በሄደ ቁጥር እንደዚያ ያለ ወረቀት ሲያድን ይውላል። የሚፈልገው የዚያን ክፍለ ዘመን ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ጦር የተመላለሰባቸውን የዳር አገሮች ብቻ። የበሽሎን ወዲህና ወዲያ፣ የተከዜን ቆላ፣ የመረብን ዳርቻ።

ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቀው፣ “ሰላም ያለበትን አገር ማን ይስለዋል?” ይል ነበር። “ዳገቱን የሚቆጥረው መድፍ የሚጎትት ሰው ነው።”

እናቴ ነፊሳ ደግሞ፣ “ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ ሰው ከብት ይሰበስባል፤ የኔው ደግሞ የፈረንጅ ወረቀት!” ትላለች። ያኔ እየሳቀች ነበር የምትለው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት መልስ የጂኦግራፊ መምህሩ አቶ ታፈረ ይመጣሉ። አቶ ታፈረ ከአፋቸው ጥርስ መፋቂያ የማይለይ፣ የጠመኔ ብናኝ ከኮታቸው የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ካርታውን የሳሉት ሰዎች የአገሩን ስም በጆሯቸው እንደመጣላቸው ነበር የጻፉት። ስለዚህ አቶ ታፈረ ፊደሉን ያነባሉ፣ አባቴ ደግሞ ድምፁን እየደጋገመ ያላምጠዋል፤ ቼቾ፣ ቼቾ፣ ጨጨሆ! ሲል ሁለቱም እንደ ልጅ ያጨበጭባሉ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ አሻንጉሊት እሰፋለሁ። ተራሮቹ በጥቁር ጭረት የተሳሉ ስለነበሩ አባ ጨጓሬ ይመስሉኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ባዶ የቀረ ቦታ ሳይ፣ እዚያ መሬት የለም ብዬ አስብ ነበር። በኋላ የቅየሳ ሙያ ስማር ነው ባዶው ካርታውን የሳለው ሰው ያልደረሰበት አገር መሆኑን ያወቅኩት።

ነቢል የመጀመሪያ ልጅ ነው። እኔና እሱን የሚለየን ዕድሜ ብዙ ስለነበር ከወንድምነት ይልቅ ለአጎትነት ይቀርበኝ ነበር። አርብ አርብ ጨርቁን አስጭኖ አርብ ገበያ ይወርዳል፤ የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ ዕቃውን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ሰጥቶ ሰግዶ ይመለሳል፤ ማታ አቧራ ለብሶ፣ ኪሱ ውስጥ ለእኔ ሸንኮራ አገዳ ሰክቶ ይመጣል። በ1991 በሰሜን ጦርነቱ ሲበረታ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተመዘገበ። እናቴ በሶ አስይዛ ሸኘችው። እኔ የማስታውሰው የመኪናውን ጭስና ልጆቹ ሲዘፍኑ የነበረውን ጩኸት ነው። የሠርግ አጃቢ መስለውኝ አብሬ ዘፈንኩ።

ከዚያ በኋላ ከመግሪብ ሶላት መልስ ቤታችን የሬዲዮ ቤት ሆነ። አባቴ ዜናውን ሰምቶ ወደ ካርታው ይመለሳል። ሌላ ካርታ አልነበረውም፤ ያለው ጣልያኖች መረብን ሲሻገሩ የሳሉት የመቶ ዓመት ወረቀት ነው። አንድ ቀን ከማድጋው ደረቅ ባቄላ አነሣና ከአንድ ወንዝ አጠገብ አስቀመጣት።

“አባ፣ ምንድን ናት?”

“ነቢል ነው። አሁን እዚህ ነው ያለው።”

በማግስቱ ባቄላዋ ትንሽ ፈቀቅ ብላ አገኘኋት። በሳምንቱ ደግሞ ወደ ላይ ወጥታለች። በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩን ገልብጬ ተረዳሁት። ነቢል ሲሄድ አባቴ ባቄላዋን የሚያስከትላት አልመሰለኝም፤ አባቴ ባቄላዋን ሲገፋ ነቢል የሚሄድ መሰለኝ። ታዲያ ለምን ወደ ቤት አይገፋውም ብዬ በአባቴ ተናደድኩበት።

ክረምት ገባ። ጭጋጉ ከተማውን ውጦት በዋለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት ወጣት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። የወታደር ካፖርቱ በዝናብ ርሶ ከብዶታል።

“ይታየው እባላለሁ። የስማዳ፣ የወገዳ ልጅ ነኝ” አለ። “የነቢል አባት እርስዎ ነዎት ጋሼ?”

“ነኝ ልጄ።”

አባቴ ወደ ጓዳው አስገባው፣ በርጩማ ሰጠው፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ ካርታውንም ዘረጋለት። የካርታ ሻጭ መጣ ብዬ እንደልማዴ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። አባቴ እዚያ መኖሬን ልብ አላለም። ዛሬ ሳስበው፣ ወሬው ምን እንደሆነ ከወጣቱ ፊት አንብቦታል፤ ካርታውን የዘረጋው ቃሉ ትንሽ እንዲዘገይለት ነው።

“የት ነው?” አለ አባቴ።

“ከዚህ ወንዝ ወዲህ ነው ጋሼ። ማይ ዳዕሮ ይሉታል፣ የዋርካ ውሃ እንደማለት። አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። እዚያ ሥር አስቀመጥነው።”

“በደንብ አስቀመጣችሁት?”

“በቻልነው። ጥድፊያ ላይ ነበርን። ጨርቅ እንኳ አልነበረንም።”

ከዚያ አባቴ ተነሥቶ ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደ። አቡጀዲው ከጥቅሉ ሲተረተር ሰማሁ፤ ቀጥሎም የሚቀደድ ጨርቅ ያ ረጅም ድምፅ። አጥፎ አምጥቶ ለወጣቱ ሰጠው።

“ይህ ለምኔ ነው ጋሼ?”

“ውሰድልኝ። እኔ ዘንድ አይደር።”

ወጣቱ ጨርቁን ደረቱ ላይ ይዞ አለቀሰ። ሲወጣ፣ “ለእናቱስ?” አለ።

“እኔ እነግራታለሁ” አለ አባቴ።

እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሁሉን አወቅሁ ብዬ ልቤ ዘለለ። ነቢል ወርቅ አግኝቷል! ከዋርካ ሥር ቀብረው አስቀምጠውታል። መጠቅለያ ጨርቅ አጥተው ነበር። ወጣቱ ደግሞ ቦታውን ስላሳየ አቡጀዲ ተሸለመ። ማልቀሱን ከደስታ ቆጠርኩት። ለእናቴ እንዳልነግር ራሴን በስንት መከራ ያዝኩት፤ አባቴ እኔ እነግራታለሁ ብሏልና።

አባቴ ግን አልነገራትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታ መሰብሰቡ በረታበት። ድሮ አንድ አገኘሁ ብሎ ሲደሰት የነበረው ሰው አሁን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሁሉ አደራ ይላል። የመጣለትን ወረቀት አቡጀዲ ላይ በሊጥ ሙጫ ይለጥፍና ገና ሳይደርቅ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ይደፋበታል። ከአቶ ታፈረ ጋር ማጨብጨቡ ቀረ።

“ማይ ዳዕሮ ይሄም ላይ የለም” ይላል አባቴ።

“ጁነይዲ፣ ጣልያኖቹ ለበቅሎዎቻቸው ውሃ ሲፈልጉ የጉድጓዱን ሁሉ ስም ይዘዋል” ይላሉ አቶ ታፈረ። “አንተ ያለህ ሉህ ላይ አይደለም እንጂ፣ አንዱ ላይ አይጠፋም። የዛሬው ካርታማ እንዲህ ያለውን ትንሽ ቦታ አይጽፍም።”

“ይሁን። እንፈልጋ።”

አቶ ታፈረ ያውቁ ነበር። እሳቸውም ምስጢሩን ተሸክመው በእናቴ ፊት ዳቦ ሲቆርሱ ኖረዋል። እኔ ግን ሁለቱም ወርቁን የሚፈልጉ መስሎኝ፣ ሲገኝ ቤታችን ፎቅ ይሆናል እያልኩ እጠብቃለሁ።

እናቴ መሳቋን ተወች። አንድ ቀን የምሳ ሳህን ይዛ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና አባቴ ወረቀት ላይ እንደተደፋ አየችው።

“ልጅህ ጦር ሜዳ ነው፤ አንተ እዚህ ወረቀት ትለጥፋለህ! አንጀትህ ምን ሆነብኝ ጁነይዲ?”

አባቴ ቀና አላለም። “ሳህኑን አስቀምጪው” ብቻ አላት። ጨካኝ መሰለኝ። ከእናቴ ጎን ሆኜ አኮረፍኩት።

ባቄላዋም ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰችም። ሬዲዮው ያወራል፣ አባቴ ይሰማል፣ ባቄላዋ ግን ያችው ወንዝ ዳር ላይ ናት። ነቢል ደክሞታል አልኩ። አባቴ ወርቅ ፍለጋ ላይ ሆኖ ልጁን ረሳው አልኩ። ስለዚህ ሥራውን ራሴ ያዝኩት። አባቴ ለሶላት ሲወጣ እየገባሁ ባቄላዋን ወደ ደቡብ በጥቂት በጥቂቱ እገፋት ጀመር፤ ብዙ ካስኬድኩት እግሩ ይነድዳል ብዬ በስሱ ነው። አባ ጨጓሬዎቹን አዞርኩት፣ ተከዜ አጠገብ አሳረፍኩት። ከዚያ ግን ወረቀቱ አለቀ። የጣልያኖቹ ካርታ ከሚያልቅበት አንሥቶ የእንግሊዞቹ ካርታ እስከሚጀምርበት ድረስ ራቁቱን የቀረ ጠረጴዛ ነበር። መሬት በሌለበት እንዴት ይሻገራል? አንድ ሙሉ ቀን ከተጨነቅሁ በኋላ፣ ከአሻንጉሊቴ ቀሚስ ቀይ ቁራጭ ቀድጄ በሁለቱ መካከል ድልድይ ዘረጋሁ። ባቄላዋን ድልድዩ መሐል ላይ አድርጌ ቀና ስል አባቴ መጋረጃው ላይ ቆሟል።

ይመታኛል ብዬ ተኮማተርኩ።

“ምን እየሠራሽ ነው ኢክላስ?”

“ወደ ቤት እያመጣሁት ነው። አንተ ረስተኸው ነዋ።”

ቀይዋን ጨርቅ አየ፤ ባቄላዋን አየ። የተጨማደደውን የጨርቁን ጫፍ በጣቱ አቃናልኝና፣ “እንዳይወድቅ” አለ። ከዚያ ውዱእ ለማድረግ ወደ ጓሮ ወጣ። ውሃው ሲፈስ ሰማሁ፤ ሳያባራ ፈሰሰ። ያን ቀን ያደነቀኝ ከመሰለኝ ከዚያች አንዲት ቃል በላይ ዛሬ የሚያስለቅሰኝ ነገር የለም። ያኔ ልጁን ከቀበረ፣ ያውም በልቡ ብቻ ከቀበረ፣ ወራት አልፈውታል።

ባቄላዋን ንፋስ መውጫ አደረስኳት። ነቢል ግን አልመጣም። ጥፋቱ የድልድዩ ነው ብዬ ተውኩት።

ጦርነቱ አበቃ፣ ዓመታት አለፉ፣ የሌላ ሰው ልጆች ተመለሱ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ የቀበሌ ሰዎችና የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶውን ይዘው መጡ። የእናቴ ጩኸት እስከ መነኸሪያው ተሰማ። ያን ጊዜ ነፍስ አውቄያለሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር የሰማሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉሙ ገባኝ። ዋርካው፣ ማስቀመጡ፣ ያጡት ጨርቅ። አባቴ ግን ወሬው እንግዳ አልሆነበትም። ቆሞ ለሰዎቹ በርጩማ ሲያቀርብላቸው እናቴ በእንባዋ መካከል አየችው።

ለልቅሶው ይታየው ከወገዳ መጣ። መንገዱ በዚያ እግር ቀላል አይደለም። ከእናቴ ፊት ተንበርክኮ፣ “እናቴ፣ ያኔውኑ መጥቼ እርስዎን ሳላይ በመመለሴ ይቅር ይበሉኝ” አላት። እስከ ዛሬ አልሰማችም ብሎ ማን ይገምታል! እናቴ ቀስ ብላ ወደ አባቴ ዞረች።

“ያኔውኑ?”

“ነፊሳ…”

“እያወቅህ ነው በሶ ስፈጭለት የኖርኩት? ሰው በመጣ ቁጥር ደጅ ስወጣ እያየኸኝ?”

“የት ነው ብትዪኝ የምመልስልሽ አልነበረኝም። ቦታውን አግኝቼ ልነግርሽ ብዬ ነው። ዛሬ አገኘዋለሁ፣ ነገ አገኘዋለሁ ስል ጊዜው አመለጠኝ።”

“ሁለት ሆነን ልናለቅሰው ስንችል ለብቻህ አለቀስከው” አለች እናቴ።

አልተለያዩም። ስለ በርበሬ፣ ስለ ቆርቆሮው ማፍሰስ፣ ስለ እኔ ትምህርት ይነጋገራሉ። ነቢል የሚለው ስም ግን በሁለቱ መካከል ዳግመኛ አልተነሣም። እናቴ ወደዚያች ጓዳ እግሯን አላስገባችም፤ መጥረግ ሲያስፈልግ እኔን ትልከኛለች። አባቴም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ፈለገ። መነጽሩ ወፈረ፣ ጀርባው ጎበጠ፣ አቶ ታፈረ ጡረታ ወጥተው ወደ እስቴ ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ እሱ ግን መፈለጉን አልተወም። ጎረቤቱ ካርታ ያሳበደው ሰው ይለው ጀመር።

እኔ ቅየሳ ተምሬ ባሕር ዳር ሥራ ያዝኩ። ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ ሲሉኝ ደመወዙን እጠቅሳለሁ፤ እውነቱን ማስረዳት አድካሚ ነው። በሥራ ምክንያት አዲስ አበባ በተመላለስኩ ቁጥር እኔም አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹን እዞራለሁ። አንድ ቀን ከአንድ ሻጭ ሣጥን ሥር አይጥ ጥጉን የበላው ሉህ አገኘሁ። በመቶ ዓመት ውስጥ ማንም ያልገለጠው ይመስላል። የጣልያን ጦር መኮንኖች የሳሉት፣ የውሃ ጉድጓዶች በሰማያዊ ነጥብ የተለቀሙበት ነው። ከአንዷ ነጥብ አጠገብ ያለውን እንደ አባቴ እያላመጥኩ አነበብኩት። ማይ ዳሮ። ማይ ዳሮ። ሻጩ እህቴ ምነው፣ ውሃ ልስጥሽ እስኪለኝ መንገድ ዳር ተቀምጬ ነበር።

አባቴ ሉሁን ተቀብሎ ሲያይ የደስታ ድምፅ ይወጣዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። “እዚህ ነዋ” ብቻ አለ። ጉልበቱን ይዞ ቁጭ አለ። መፈለጉ ራሱ ደግፎት ኖሮ፣ ሲያልቅ ዕድሜው ሁሉ በአንድ ጊዜ የተጫነው መሰለ።

በ2011 መስከረም ድንበሩ ተከፈተ ሲባል፣ “ውሰጂኝ” አለኝ። ለእናቴ የት እንደምንሄድ ነገርናት። ስንቅ ቋጥራ ሰጠችን፤ ቃል ግን አልተነፈሰችም።

መንገዱ አደከመው። በወልድያ አድርገን፣ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየቀየርን፣ በመጨረሻ በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍረን፣ ከዚያ በእግር። ሉሁን ይዤ ጅረቱን ተከትዬ መራሁት። ደረስን ስለው ዙሪያውን ተመለከተ። ዋርካ የለም። ድንጋያማ ዳገት፣ ደረቅ አሸዋ፣ ማሽላ የተዘራበት እርከን ነው።

“ይህ ነው?”

“አዎ አባ።”

“የአርብ ገበያን ሜዳ እንኳ አያክልም እኮ” አለ። “ለዚህ ነው?”

አንዲት ባልቴት ከማሽላው ውስጥ ብቅ አሉ። እርከኑ የእሳቸው ነው። እዚያ ሰፍሮ ከነበረ ወታደር የተማሩት አማርኛ ነበራቸው። ዋርካውንስ? አልኳቸው። ለምሽግ ጣሪያ ቆረጡት አሉ። አባቴ ከሥሩ ስለተቀበሩት ሲጠይቃቸው ማጭዳቸውን መሬት አስቀመጡ።

“ጎርፍ ገለጣቸው” አሉ። “ስናርስም ይወጣሉ። እንዴት እንተዋቸው? ለቀምን፣ ለቀምንና እዚያ አስገባናቸው።”

ያሳዩን ከእርከኑ ራስ ላይ ያለ፣ ዙሪያውን እሾህ የታጠረ የድንጋይ ክምር ነው።

“የእኛ ልጆች ብቻ ናቸው?” አለ አባቴ።

“ማን ለየው? የወዲያም አለ፣ የወዲህም አለ። ክርስቲያን አለ፣ እስላም አለ። አጥንት ስም የለው። ቄሱም ጸለዩ፤ ሼሁንም ከታች ሰፈር አምጥተን ዱዓ አደረጉ። የእኔም ልጅ የት እንደወደቀ አላውቅም። የእኔን ደግሞ ሌላ ሴት ታስገባው ይሆናል ብዬ ነው።”

አባቴ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ መቃብር ሲፈልግ ኖሮ አሁን ከየትኛው ድንጋይ ፊት እንደሚቆም አጣ። ከክምሩ ራስጌ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ዱዓው ረጅም ነበር። ሴትዮዋም ከኋላው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ሲጨርስ ተመልሶ እጃቸውን ሳመ፤ እሳቸውም “እግዜር ያጽናህ” ብለው ከእንስራቸው ውሃ ቀዱለት።

እኛ በሄድን በሁለት ዓመቱ ያ አገር ዳግመኛ በእሳት ተያያዘ። ክምሩ ይኑር፣ ሴትዮዋ ይኑሩ፣ አላውቅም። ጦርነቱ ዞሮ ንፋስ መውጫም ደረሰ፤ ሱቃችን ተዘርፎ ባዶውን ሲቀር ካርታዎቹን ግን የፈለጋቸው አልነበረም። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ካርታዎቹ ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው። አንዳንድ ቅዳሜ አወጣቸዋለሁ፤ አዲስ ግን አልገዛም። ደክሞኛል።

ከመረብ በተመለስንበት ቀን ግን ወደ ማታ ላይ ነበር ቤት የደረስነው። እናቴ በረንዳው ላይ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ከፊቷ ቆመ። ሻንጣውን ይዤ ከኋላቸው ቀረሁ።

“አገኘኸው?” አለች። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ።

“አግኝቼዋለሁ።”

“ብቻውን ነው?”

“አይደለም” አለ አባቴ። “ብዙ ሆነው ነው። አንዲት እናት ትጠብቃቸዋለች።”

እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መደቡ ላይ ፈቀቅ አለችለትና፣ “ና ተቀመጥ፤ ሁሉንም ንገረኝ” አለችው።